ዳሎል፦ ከአሞሌ እስከ ፖታሽ

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ስለ ዳሎል ሳነብ ከረምኩ። እና አንድ የሚያናድደኝ አባባል አለ፤ «ያልተነካ ሀብት» የሚሉት ነገር። ኧረ ስንቴ ተነክቷል!

ከጨዉ እንጀምር። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶበት ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተነነና ጨዉ ቀረ። አፋሮችና የትግራይ ሰዎች ያንን ጨው በእንጨት እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ አሞሌ ያወጡታል፣ በግመል ጭነው ወደ ደጋው። አሞሌ ደግሞ ለወጥ ብቻ አልነበረም፣ ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ሰው በጨው ሲገበያይ አይቶ ጽፏል፤ ጨዉ ከሚወጣበት አገር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል ይላል። በዚያ ሙቀት ተጉዞ ያመጣ ነጋዴ ቢያስወድድ አይፈረድበትም መቼም።

ከዚያ ፖታሽ መጣ። ማዳበሪያ ነው የሚሠራበት። ገበያውን የያዘችው ጀርመን ነበረች፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ያ በር ተዘጋ። ጣሊያኖች ኤርትራ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዳሎል ቅርባቸው ነው። ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅራቢያ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 አለቀ። ጦርነቱም በዚያው ዓመት አለቀ! የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፣ የዳሎሉ ሥራም እየተንገዳገደ ጥቂት ቆይቶ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ መጣ። ዓመታት ቆፈረ፣ ክምችቱ ትልቅ መሆኑንም አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፣ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፖታሹን ሊያወጣ መጥቶ የነበረው የእስራኤሉ ኩባንያ አይ.ሲ.ኤል. «መሠረተ ልማት አልተሟላልኝም፣ ግብርም ተጫነብኝ» ብሎ ወጣ።

እኔ እንደሚገባኝ ማዕድኑ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው መንገዱ፣ ገበያው፣ አንዳንዴም ዕድሉ ነው። ጨው ጠራቢው የቀጠለው ጀግና ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገው ነገር ላይ ላዩን ስላለ፣ ገዢውም ቅርብ ስለሆነ ነው።

አሁን የሚታሰበው ዘዴ ሰው ወደ ጉድጓድ አያስገባም። ውሃ ወደ ታች ይለቁና ፖታሹን አሟሙተው ይስቡታል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ፀሐይ ሞልቷል። ውሃውስ? እዚያ በረሃ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ የአርብቶ አደሩና የከብቱም ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ባለ ፕሮጀክት ሲመጣ ስንት ሚሊዮን ቶን እንዳለ ሳይሆን፣ እባካችሁ፣ ውሃውን ከማን ጋር ተካፍሎ እንደሚጠቀም በመጀመሪያ ይንገረን።