ገንፎውን ማን ያገነፋላቸዋል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምትሰሙት ዝናቡ ነው። የጅማን ቆርቆሮ ታውቁታላችሁ፣ ታገሱኝ።

የዛሬው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ግን የጎረቤቴ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። አዎ፣ የቡና ለቃሚዋ። ቶናው እየተቀዳ፣ ሰሞኑን ከአፌ ስለማይጠፋው እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ስለ ክሪስ ቫን ቱለከን እየነገርኳት ነበር። ለአንድ ወር ከሚያገኘው ካሎሪ 80 በመቶውን በፋብሪካ እጅግ ከተቀነባበረ ምግብ ብቻ የወሰደው፣ እሱ። መለያውም ቀላል ነው አልኳት፤ በፕላስቲክ ከታሸገና ማጀታችን ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር እንኳን ካለበት፣ ከዚያ ወገን ነው።

የልጆቿን ብስኩት አንስታ ሰጠችኝ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት... ኢመልሲፋየር።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ዘይትና ውሃ እንዳይለያዩ የሚያደርግ።»

ዝም አለች። ስኒ እያለቀለቀች ነበር። ከዚያ፣ «ለሐኪሙ ልጆች ማን ያበስልላቸዋል?» አለች። በቁጣ እንዳይመስላችሁ፣ የእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። «እኔ ሳይነጋ ወጥቼ መጋዘን እገባለሁ። ገንፎውን ማን ያገነፋላቸዋል?»

ሐኪሙ ራሱ እኮ ጥፋቱን በበላተኛው ላይ አይጥልም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪው ኬቨን ሆል በ2019 ያወጣው ጥናት አለ፤ 20 ሰዎች፣ እጅግ የተቀነባበረውንም ያልተቀነባበረውንም ሁለት ሁለት ሳምንት። ስኳሩም፣ ስቡም፣ ጨውም ተመጣጥኖ ነው የቀረበላቸው፤ በተቀነባበረው ጊዜ ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በሉ። የሆዳምነት ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት... እነዚያን ሰዎች ትኩሱን ምግብ ሌላ ሰው አብስሎ ነው ያቀረበላቸው። የእሷ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር!

ብራዚላዊው ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴይሮም ትዝ አለኝ። እዚያ ቤተሰቦች የሚገዙት ስኳርና ዘይት እየቀነሰ፣ ውፍረቱ ግን ይጨምር ነበር። ስኳሩ ለካ በታሸገው ምግብ ውስጥ ሆኖ ነው የሚገባው። የእኛስ? ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ውጡ፤ ጎደሬው፣ አቮካዶው፣ ማሩ ሞልቷል። ምግብ አላጣንም እኮ! በጣም ነው የሚያናድደኝ። ጎደሬ ግን ራሱን አይቀቅልም።

በሶ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። አንዴ ከተፈጨ ልጆቹ ራሳቸው ይበጠብጡታል። ከብስኩቱም ያጠግባል። ብቻ ገብሱን የሚቆላው ማን ነው? እሷ፣ ያውም በእሁዷ፣ ልብስ በምታጥብበት። እኔ ልቁላላት? አንድ ጊዜ፣ እሺ። ግቢው ውስጥ ያለነው ተራ ብንገባስ... አይ፣ ይህንንም ስለው እንደገና ሴቶቹ ላይ ነው የሚወድቀው። አባትየውም እቤት አለ እኮ። እስቲ እሱን... ቆይ፣ እሱን ሳስብ ደግሞ—