የሰፈር ስፖርት ምን ያቆመዋል? ምንስ ይጥለዋል? ስፖርተኞቹ እንደሚያዩት

[ምስል፦ መስመሩ ገና ያልተሰመረ ሜዳ፤ ዳር ላይ ጫማቸውን የሚያስሩ ታዳጊዎች]

ስለ ማኅበረሰብ ስፖርት ብዙ ይወራል። የሚያወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊው ነው። ካልሆነም ስፖንሰሩ ወይ ባለሙያው። ስፖርተኛው ፎቶው ላይ አለ፤ ማይኩ ግን እሱ ጋ አይደርስም።

ዛሬ ነገሩን ከሜዳው ውስጥ ሆነን እንየው። የሚሮጠው፣ የሚጫወተው፣ የሚወድቅና የሚነሳው ሰው የሰፈሩን ስፖርት ምኑን ይወድለታል? ምኑስ ያስመርረዋል?

የማኅበረሰብ ስፖርት ስል ሰዎች በሚኖሩበት ወይም በሚማሩበት አካባቢ ተሰባስበው የሚሠሩትን ስፖርት ሁሉ ማለቴ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚሰለጥኑ ልጆች፣ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን፣ በዊልቸር ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ፣ ጠዋት ጠዋት አብረው የሚሮጡ አዛውንቶች። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቱ ትልቅ ደረጃ ይደርሳል። ብዙው አይደርስም። ስፖርቱ የሁለቱም ነው።

[ምስል፦ ፊሽካ፤ ልጆች ወደ አንድ ሰው እየሮጡ ሲሰበሰቡ]

አንድ ስፖርተኛ ያዙና «ስፖርት ውስጥ ማን አስገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የተቋም ስም ሲጠራ ብዙም አትሰሙም። የሚጠራላችሁ ሰው ነው። ታላቅ ወንድም፣ የጓደኛ እናት፣ የስፖርት አስተማሪ። ወይም ከሥራ መልስ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣ፣ ሁሉም «ኮች» የሚለው ጎረቤት። ያ ሰው ስሙን ያውቃል። ሲቀር «የት ጠፋህ?» ይለዋል። ፈተና ሲደርስ «ሂድ አጥና፣ ኳሱ የትም አይሄድም» ይለዋል።

እኔ የማኅበረሰብ ስፖርት ትልቁ ሀብት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ካለ ሜዳ ይሠራል፣ መብራት ይተከላል። ልጁን ከነቤተሰቡ የሚያውቅ፣ ፊቱን አይቶ ዛሬ ምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ግን በበጀት አይመጣም።

ሁለተኛው ጥንካሬ ቅርበት ነው። በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ሜዳ ካለ ብዙ ነገር ይቀላል። በለንደን ቺንግፎርድ አካባቢ ሪጅዌይ ሮቨርስ የሚባል የልጆች ቡድን አለ። ዴቪድ ቤካም በልጅነቱ ተጫውቶበታል። ሃሪ ኬንም እንደዚሁ። ሁለቱም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቁ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ከሚያልፉ ልጆች አብዛኞቹ ፕሮፌሽናል አይሆኑም። ቡድኑ ለእነሱም ጓደኛ፣ ጤናና የሚሄዱበት ቦታ ሰጥቷቸዋል። ስፖርቱን በወጡት ኮከቦች ብቻ ስንለካው እነዚህን እንደከሰሩ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። በፍጹም አልከሰሩም።

[ምስል፦ በመናፈሻ ውስጥ በተለያየ ፍጥነት የሚሮጡና የሚራመዱ ሰዎች]

ሦስተኛው የበሩ ሰፊነት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ 13 ሰዎች ተሰብስበው 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ሰዓት የያዙላቸው ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ያ ሩጫ በኋላ ፓርክረን ተብሎ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዛሬም ክፍያ የለውም። ሳምንታዊ ነው። የፈለገ ይሮጣል፣ ያልቻለ ይራመዳል፣ ሌላው ቆሞ ሰዓት ይይዛል። ማንም «አንተ አትመጥንም» አይባልም። ለጀማሪ ይህች ነገር ትልቅ ናት። ብዙ ሰው ከስፖርት የሚሸሸው ድካሙን ፈርቶ ሳይሆን ሰው ፊት መዋረዱን ፈርቶ ነው።

ከሁሉም የሚማርከኝ ግን የናይሮቢው ታሪክ ነው። ማታሬ በተባለው የድሆች መንደር በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ቡድኖቹ ኳስ ብቻ አይጫወቱም። ሰፈራቸውን ከቆሻሻ ያጸዳሉ፤ ለጽዳቱም በሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ይያዝላቸዋል። ያሸነፈ ነጥብ እንደሚያገኘው ሁሉ ቱቦ የጠረገም ያገኛል። ከዚያው ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ በ2008 እ.ኤ.አ. የኬንያን ፕሪሚየር ሊግ አሸነፈ። እኔን የሚገርመኝ ዋንጫው አይደለም። ማኅበሩን በመምራትና ውሳኔ በመስጠት ትልቁን ድርሻ የያዙት ወጣቶቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ተጫዋቹ ዳኛ ይሆናል፣ አሰልጣኝ ይሆናል፣ ስብሰባ ይመራል።

[ምስል፦ ባዶ ሜዳ፤ የተዘጋ የመጋዘን በር]

አሁን ወደሚያመው እንሂድ።

ቅድም ትልቁ ሀብት አንድ ሰው ነው አልኩ። ትልቁ አደጋም እሱው ነው። ኳሶቹ ያሉት እሱ ቤት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ እሱ ኪስ ነው። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ሥራ ያገኛል። ወይ ይታመማል። ወይ ይደክመዋል፤ ሰው ነውና። መጀመሪያ ልምምዱ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ይወርዳል። ቀጥሎ የዋትሳፕ ግሩፑ ዝም ይላል። ልጆቹ ሁለት ሦስቴ ሜዳ ድረስ መጥተው ይመለሳሉ። ቡድኑ ፈረሰ ብሎ የሚነግራቸው እንኳ የለም።

ይህን ያየ ስፖርተኛ ብዙ ነው። ለዚህ ነው «ምን ቢደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ሲባል ከአዲስ ማልያ በፊት የሚዘልቅ አሰልጣኝ የሚሉት። በጎ ፈቃደኛን ማመስገን ደግ ነው። በምስጋና ብቻ ግን የቤት ኪራይ አይከፈልም። ትንሽ አበል፣ ሥልጠና፣ ረዳት፣ የትራንስፖርት ወጪ፤ ቢያንስ እነዚህ ያስፈልጉታል። አይስላንድን ተመልከቱ። በጊዜው የሕዝቧ ቁጥር 330 ሺህ ገደማ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ከዚያ በፊት ለዓመታት የቤት ውስጥ ሜዳዎች ሠርታለች፤ ልጆችንም በሠለጠነና በሚከፈለው አሰልጣኝ እጅ አድርጋለች። እዚያ የልጆች አሰልጣኝነት እንደ ሙያ ይታያል።

[ምስል፦ ከሜዳ ዳር የቆመ ታዳጊ፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ]

ገንዘብ ሌላው ነው። ግን ስፖርተኛው የሚያየው ገንዘብ ኃላፊው ከሚያየው ይለያል። ኃላፊው የዓመት በጀት ያያል። ልጁ የሚያየው ጫማውን ነው። ታኬታው የተቀደደበት ልጅ «ጫማ የለኝም» አይልም። «ኮች፣ ዛሬ እግሬን አሞኛል» ነው የሚለው። በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ሥራ አለብኝ ይላል። ከዚያ በቃ ይቀራል። መዝገቡ ላይ «በራሱ ፈቃድ የተወ» ይባላል። ልብ ያለው አሰልጣኝ በደንብ የሚሠሩ አሮጌ ጫማዎችን ከጠበባቸው ልጆች ይሰበስብና ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ማንም ሳያየው፣ ሳይጠየቅ፣ ልኩን መርጦ የሚወስድበት ሳጥን። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ልጁን ግን ቡድኑ ውስጥ ያቆየዋል።

የሴቶቹ ቅሬታ ደግሞ ከዚህም የከረረ ነው፤ ትክክልም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ እንደሚያሳየው ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው የሚመከረውን እንቅስቃሴ አያደርጉም። ከወንዶቹ 78 በመቶ፣ ከሴቶቹ 85 በመቶ። ምክንያቱን ስታቲስቲክስ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሜዳ ዳር ትንሽ መቆም ይበቃል። የሴቶቹ ልምምድ አሥር ሰዓት ነው እንበል። የወንዶቹ ጨዋታ ግን አላለቀም።

«ኮች፣ ሰዓታችን ደርሷል እኮ» ትላለች አምበሏ።

«ትንሽ ጠብቁ፣ ሊያልቅ ነው» ይላታል።

ሲያልቅ ሊመሽ ትንሽ ነው የቀረው። ጨለማ ሳይዛቸው ቤት መግባት አለባቸው። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ደግሞ የለም። ይህ በሳምንት ሁለቴ ሲደጋገም ቤተሰቡ «ቢቀርብሽስ?» ይላታል። ከዚያ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» የሚል ሰው ይመጣል። ማንንም ሳያስከፋ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፦ የሰዓት ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሜዳው ይለቀቅ።

[ምስል፦ በአንድ መስመር የቆሙ ልጆች፤ የቁመታቸው ልዩነት ጎልቶ ይታያል]

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ላንሳ። ቶሎ መምረጥ። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደው ልጅ ከመጨረሻው ወር ልጅ አንድ ዓመት ሊጠጋ ይበልጠዋል። በ10 ዓመት ዕድሜ ይህ ብዙ ነው። ይረዝማል፣ ይፈጥናል። አሰልጣኙ «ተሰጥኦ አለው» ብሎ ቋሚ ተሰላፊ ያደርገዋል፤ ታናሹ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የተሰለፈው የበለጠ ይለምዳል፣ ልዩነቱም እየሰፋ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ይህን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ አይተው ጽፈውታል። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በቡድኖቹ ውስጥ በዝተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ በእግር ኳስም በሌሎችም ስፖርቶች ታይቷል።

ኖርዌይ ለዚህ ዓይነቱ ጥድፊያ ሕግ አበጅታለች። ልጆች 11 ዓመት ሳይሞላቸው የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም። 13 ሳይሞላቸው ብሔራዊ ሻምፒዮና የላቸውም። በልምምዳቸው ላይ ሐሳብ የመስጠት መብታቸውም በዚያው ደንብ ተጽፏል። ይቺ 5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በ2018 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክ 39 ሜዳሊያ ወሰደች። ሕጉ ብቻውን አመጣው አልልም፤ በረዶውም ባህሉም ሀብቱም አለ። ልጆችን አለማዋከብ ከትልቅ ውጤት እንደማያስቀር ግን በደንብ ያሳያል።

ጉዳትን በአጭሩ ልለፈው። ወለምታ ያለበት ልጅ «ቻለው» ተብሎ ይገባል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም፤ ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሐኪሞች የተስማሙበት ነው። ስለ ደኅንነት ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል መገኘት የለበትም። አሰልጣኙ ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን። ልጁ ቅሬታ ቢኖረው ከአሰልጣኙ ውጪ የሚነግረው ሰው ይኑር፤ ስሙንና ስልኩንም ይወቅ።

[ምስል፦ በእጅ የተሰመረ ደብተር፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የገባበት ቀን]

አሁን ወደዚህች ደብተር ተጠጉ። ብዙ የሰፈር ቡድን መዝገብ አይዝም። በዚህም የሚያጣው ገንዘብ አለ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር ከዝውውሩ ሂሳብ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። እናስላው። አንድ ክለብ ልጁን ከ12 እስከ 15 ያሉትን አራት ዓመታት ካሠለጠነውና በኋላ በ10 ሚሊዮን ዩሮ ከተዛወረ የክለቡ ድርሻ 100 ሺህ ዩሮ ነው። ለአንድ ሰፈር ቡድን የስንት ዓመት ኳስ፣ ጫማና አበል እንደሆነ አስቡት። ፊፋም ክፍያውን የሚያስተላልፍ ማዕከል በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ አስጀምሯል። ነገር ግን ክለቡ በፌዴሬሽን የታወቀ፣ ልጁም በስሙ የተመዘገበ መሆን አለበት። ያልተጻፈ ልጅ የማንም አይደለም።

ደብተሩ ለኮከቡ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ኮች ሲሄድ የሚተካው ሰው ማን አለ፣ ማን ቀረ፣ የማን ወላጅ ስልክ ስንት ነው የሚለውን የሚያገኘው እዚያ ነው። ቁልፉም ሁለተኛ ሰው ጋ ይሁን።

[ምስል፦ ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ተጫዋቾች]

ቡድን የምትመሩ ካላችሁ ስፖርተኞቻችሁን ጠይቋቸው። ሁሉም ፊት እጅ አውጡ ብላችሁ ግን አይደለም። እንደዚያ ከሆነ የሚናገረው አምበሉ ብቻ ነው፤ እሱም «ሁሉም አሪፍ ነው» ይላችኋል። ስም የሌለበት ወረቀት ስጧቸው። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ እዚህ እንድትመጣ የሚያደርግህ ምንድን ነው? ልትተወው አስበህ ታውቃለህ፣ ለምን? ያቋረጡትንም ደውላችሁ ጠይቁ። እውነቱን ይበልጥ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ከዚያ በሚቀጥለው ልምምድ፣ ማሟሟቅ ሳይጀመር፣ ከጻፉት ውስጥ ምኑ እንደሚቀየር ንገሯቸው። የማይቀየረውንም ለምን እንደማይቀየር።