እሳት የማያስፈልገው ሳንሱር

[ምስል፦ በጨለማ ውስጥ የሚነድ የመጻሕፍት ክምር፤ ነበልባሉ ቀስ በቀስ ይከስማል]

ስለ ሳንሱር ሲነሳ ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የምናየው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1933 በጀርመን የናዚ ደጋፊ ተማሪዎች በአደባባይ መጻሕፍት ሲያቃጥሉ የተቀረጸው ፊልም ዛሬም ይታያል። ሬይ ብራድበሪም እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ፋረንሃይት 451» በተሰኘው ልቦለዱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጽሐፍ አቃጣዮች አድርጎ ስሏቸዋል። ይሁን እንጂ ዓይናችን ነበልባሉ ላይ በማረፉ፣ ይኸው ልቦለድ ስለ እኛ ዘመን የሚናገረውን ትልቁን ነገር የሳትነው ይመስለኛል።

ያ ነገር ያለው የአቃጣዮቹ አለቃ ካፒቴን ቢቲ ለበታቹ ለሞንታግ በሚሰጠው ረጅም ማብራሪያ ውስጥ ነው። እንደ ቢቲ አገላለጽ ጉዳዩ የተጀመረው በመንግሥት አዋጅ አልነበረም። መጻሕፍት በመጀመሪያ አጠሩ፤ ከዚያም ማንንም እንዳያስቀይሙ ተብሎ ስለታቸው ተሞረደ፤ አንባቢውም ፈጣንና ቀላል መዝናኛን መርጦ በገዛ ፈቃዱ ተዋቸው። እሳቱ የመጣው በመጨረሻ፣ ለመጽሐፍ የሚከራከር ሰው ከጠፋ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በራሱ በመጽሐፉ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሳታሚው ባለንታይን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልዩ እትም ሲያዘጋጅ ከ75 የማያንሱ ቦታዎችን ለወጠ፤ የእርግማን ቃላት ወጡ፣ በታሪኩ ውስጥ የነበረ አንድ ሰካራምም በሽተኛ ተደረገ። ለጥቂት ዓመታት ሁለቱም እትሞች ጎን ለጎን ይታተሙ ነበር፤ ከ1973 እስከ 1979 ግን የሚታተመው የተቆረጠው ብቻ ሆነ፤ ደራሲውም ይህን አያውቅም ነበር። ቆራጮቹ ወጣቶችን ከክፉ ቃል የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ቅን ልቡና ነው፤ ምክንያቱም በበጎ ሐሳብ የሚቆርጥ እጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም።

[ምስል፦ በምላጭ የሚቆረጥ የመጽሐፍ ገጽ]

እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመው የጆርጅ ኦርዌል «1984» የሚያሳየን ሳንሱር ደግሞ ከመደበቅ አልፎ ያለፈውን እንደገና የሚጽፍ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ «የእውነት ሚኒስቴር» በተባለ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የድሮ ጋዜጦችን ለዛሬው ገዢ በሚስማማ መልኩ ያርማል። የቸኮሌት ራሽን ከ30 ወደ 20 ግራም ዝቅ እንደሚል ከተነገረ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ወደ 20 ግራም «ከፍ በመደረጉ» ሰዎች ምስጋና ማቅረባቸው ይዘገባል፤ ሰሚውም ተቀብሎ ያልፋል። ልቦለዱ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ በእውነተኛው ዓለም ታየ፤ የሶቪየት የደህንነት ሹም የነበረው ላቭሬንቲ ቤሪያ ከተገደለ በኋላ የታላቁ የሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ ደንበኞች ስለ እርሱ የተጻፈውን ክፍል ቆርጠው እንዲያወጡና ስለ ቤሪንግ ባሕርና ስለ መሳሰሉት በሚያትቱ ገጾች እንዲተኩት ተጠየቁ።

ዛሬ ምላጭም አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 መጻሕፍትን በኢንተርኔት የሚሸጠው አማዞን ራሱን «1984»ን ገዝተው ኪንድል በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሲያነቡ ከነበሩ ሰዎች መሣሪያ ላይ ከርቀት አጠፋው። ምክንያቱ ፖለቲካዊ አልነበረም፤ ቅጂውን ያቀረበው አካል መጽሐፉን የመሸጥ መብት አልነበረውም፤ ገንዘቡም ተመለሰ፤ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ሆኖም የገዛነው መጽሐፍ በሌላ እጅ ሊጠፋ እንደሚችል ያን ቀን ታየ፤ ይቅርታውም ያንን ችሎታ አላስቀረውም።

በኦርዌል ዓለም «ኒውስፒክ» የተባለው ቋንቋ ቃላትን እያጠፋ ሐሳብን ለማጥበብ ሆን ተብሎ የተቀመረ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ማንም ሳያዝዘን፣ የማጣሪያው ማሽን ጽሑፋችንን ይሰውርብናል ብለን ስለ ሞት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ጥቃት የሚናገሩ ቃላትን ፊደላቸውን እያዛባን ወይም በቁጥር እየተካን እንጽፋለን። ሕጉን በትክክል ስለማናውቀው ሕጉ ከሚከለክለው በላይ እንከለክላለን፤ ከዚያም አንዳንዱን ሐሳብ ጨርሶ ሳንጽፈው እንተወዋለን፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ማንም ሊቆጥረው አይችልም።

ይህን ስል የተነሳ ጽሑፍ ሁሉ የሳንሱር ሰለባ ነው ማለቴ አይደለም። ግድያን የሚቀሰቅስ መልእክትን ማንሳትና አንድን ልቦለድ በድብቅ መከርከም አንድ አይደሉም። እኔ የምለያቸው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ማን አነሳው፣ ለምን አነሳው፣ ይግባኝስ ይባልበታል ወይ?

[ምስል፦ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት እትሞች]

የ«ፋረንሃይት 451» መቆረጥ ለደራሲው የተገለጠው ተማሪዎች ደብዳቤ ስለጻፉለት ነው፤ ከዚያ በኋላም ሙሉው ጽሑፍ ወደ ኅትመት ተመለሰ። ይህ የሆነው የቀድሞው እትም በሰው እጅ በነበረበት ዘመን ነው፤ የጠረጠረ አንባቢ ሁለቱን ከፍቶ ገጽ ለገጽ ማስተያየት ይችል ነበር። በስክሪን ላይ የምናነበው ጽሑፍ ሲታረም ግን አዲሱ የሚቀመጠው በአሮጌው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ቅጂ ያላስቀመጠ አንባቢ የሚያስተያይበት ሁለተኛ ገጽ የለውም።