ተጠቃሚው የጻፈውን መያዝና መፈተሽ፦ ስለ ድረ ገጽ ቅጾች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሪአክት (በጃቫስክሪፕት የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) የምሠራው የምዝገባ ቅጽ ሠላሳ ያህል የመጻፊያ ሳጥኖች አሉት። ለእያንዳንዱ ሳጥን የተጻፈውን፣ የስህተት መልእክቱን እንዲሁም ትክክል መሆን አለመሆኑን ለየብቻ በስቴት፣ ማለትም ገጹ በሚያስታውሰው መረጃ ውስጥ፣ አስቀምጫለሁ። አሁን እርስ በርስ መጣጣም አቅቷቸዋል፤ በዚያ ላይ ሲጻፍ ገጹ ይንቀራፈፋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመቀነስ ይጀምሩ። በስቴት ሊቀመጥ የሚገባው ከሌላ ነገር ተሰልቶ ሊገኝ የማይችል ብቻ ነው፤ ይኸውም ተጠቃሚው የጻፈው፣ ገብቶ የወጣባቸው ሳጥኖች፣ ቅጹ በመላክ ላይ መሆን አለመሆኑ እና ሰርቨሩ የመለሰው ስህተት ነው። «ይህ ሳጥን ትክክል ነው» የሚለው ግን ከተጻፈው የሚወጣ ድምዳሜ ስለሆነ፣ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ እንደ አዲስ ይሰላል እንጂ ተለይቶ አይቀመጥም። የይለፍ ቃልንና ማረጋገጫውን ያስቡ። ተጠቃሚው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፋል፣ ማረጋገጫው ትክክል ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያም ሰውዬው ወደ መጀመሪያው ሳጥን ተመልሶ አንድ ፊደል ይቀይራል። ፍተሻው የሚነሳው ሁለተኛው ሳጥን ሲነካ ብቻ ከሆነ፣ ቃላቱ ተለያይተው ሳለ ቅጹ አሁንም ይስማማሉ ይላል። ድምዳሜው ሁልጊዜ ከሁለቱ ጽሑፎች የሚሰላ ቢሆን ኖሮ ይህ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ አያገኝም ነበር።

የተጻፈውንም እንደተጻፈ ይያዙት። ብዙዎች ቁልፍ በተነካ ቁጥር ጽሑፉን ወደ ቁጥር ሲቀይሩ አያለሁ፤ በዚህ ጊዜ «1.5» ሊጽፍ የጀመረ ሰው ነጥቡ ገና ሳይጨርስ ይጠፋበታል። ባዶ ጽሑፍ ደግሞ በጃቫስክሪፕት ወደ ቁጥር ሲቀየር ዜሮ ስለሚሆን፣ ዕድሜውን ሳይሞላ ያለፈ ሰው ዕድሜው ዜሮ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቁጥር መቀየሩ ለፍተሻው ጊዜ ይቆይ፤ ሳጥኑ ባዶ መሆን አለመሆኑም ከዚያ በፊት ይታይ።

መንቀራፈፉ የሚመጣው ስቴቱ ከሁሉም ሳጥኖች በላይ ባለው ኮምፖነንት (የገጹ የኮድ ክፍል) ላይ በመቀመጡ ይመስለኛል፤ እንዲህ ሲሆን አንድ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ሠላሳውም እንደ አዲስ ይሳላሉ። ስቴቱን ወደየሳጥኑ ማውረድ አንዱ መፍትሔ ነው። ሁለተኛው፣ እኔም ሳጥኖቹ እርስ በርስ በማይተሳሰሩበት ቅጽ ላይ የምመርጠው፣ የተጻፈውን ብራውዘሩ ራሱ እንዲይዘው ትቶ ሲላክ ብቻ በፎርም ዳታ (የቅጹን ይዘት በአንድ ጊዜ በሚሰበስበው የብራውዘር መሣሪያ) ማንበብ ነው። ሪአክት ሁክ ፎርም የተባለው ላይብረሪም በመሠረቱ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። አንድ ሳጥን ሲሞላ ሌላው የሚገለጥበት ወይም የሚቀየርበት ቅጽ ከሆነ ግን ስቴቱን ራስዎ ቢይዙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስህተትን መቼ ነው ማሳየት ያለብኝ? እኔ ገና የኢሜይሉ የመጀመሪያ ፊደል ሲጻፍ ቀይ መልእክት አወጣለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሁሉም ስህተት «ላክ» ሲባል ብቻ ይውጣ ይላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል። ሰው ጽፎ ሳይጨርስ ተሳስተሃል ማለት ተናጋሪን ማቋረጥ ነው፤ ሃያ ሳጥን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ስድስት ስህተት በአንድ ጊዜ ማውረድም ያደክመዋል። የሚበጀው፣ ሳጥኑን ጽፎበት ሲወጣ መፈተሽ፣ ስህተት አንዴ ከታየ በኋላ ግን በየፊደሉ መፈተሽ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሰውዬው ባረመበት ቅጽበት መልእክቱ ይጠፋለታል። ምንም ሳይጽፍ ያለፈውን ሳጥን በተመለከተ እስኪልክ ድረስ ዝም ማለት ይገባል፤ ሊመለስበት አስቦ ይሆናልና። ሲልክ ሁሉም ሳጥኖች ይፈተሹና ጠቋሚው ስህተት ወዳለበት የመጀመሪያው ሳጥን ይሂድ።

ቅጹ ትክክል እስኪሆን «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ማደብዘዝ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ቁልፉ የማይሠራበትን ምክንያት ተጠቃሚው የሚያውቅበት መንገድ የለምና። ቁልፉ የሚቆለፍበት ተገቢ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም መላኩ ተጀምሮ መልስ እስኪመጣ ነው። የገጹ መልክ በሚጻፍበት በሲኤስኤስም ቢሆን ኢንቫሊድ የተባለው መምረጫ መሞላት ያለባቸውን ባዶ ሳጥኖች ገጹ ገና ሲከፈት ቀይ ስለሚያደርጋቸው፣ ተጠቃሚው ሳጥኑን እስኪነካ የሚጠብቀውን ዩዘር ኢንቫሊድ ይጠቀሙ፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራል።

ቀይ ቀለም ብቻውን መልእክት እንዳልሆነም ላስታውስ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብልዩካግ በቁጥር 3.3.1 ስህተት የተገኘበት ሳጥን እንዲለይና ስህተቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ለማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚገለገሉበት ስክሪን አንባቢ እንዲያነበው፣ ሳጥኑ ላይ አሪያ ኢንቫሊድ የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ መልእክቱንም በአሪያ ዲስክራይብድባይ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙት። መልእክቱ ራሱ «ልክ ያልሆነ ግቤት» ከሚል ይልቅ «የይለፍ ቃሉ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን» ቢል ሰውዬው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ጥያቄ፦ የገጹ መዋቅር የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ራሱ የሚፈትሽልኝ ከሆነ በሰርቨር ላይ መድገሙ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በብራውዘር ያለው ፍተሻ ለተጠቃሚው ምቾት፣ በሰርቨር ያለው ለመረጃው ደኅንነት ነው። ማንም ሰው በብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ ሳጥኑ የግድ እንዲሞላ የሚያደርገውን ሪኳየርድ የሚለውን ቃል ሊሰርዘው ወይም ያለ ምንም ብራውዘር በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ሊልክ ይችላል። ሁለቱም ወገን በጃቫስክሪፕት ወይም በታይፕስክሪፕት ከተጻፉ እንደ ዞድ ባለ ላይብረሪ ደንቡን አንዴ ጽፎ በሁለቱም ቦታ መጠቀም ይቻላል። ሰርቨሩ ስህተት ሲያገኝ የሳጥኑን ስምና መልእክቱን፣ ለምሳሌ በኤችቲቲፒ ቁጥር 422 (የተላከው መረጃ ተቀባይነት እንዳላገኘ በሚገልጽ ኮድ)፣ ይመልስ፤ ቅጹም ከይለፍ ቃል በቀር የተጻፈውን ሁሉ ሳያጠፋ ያሳይ። የሞላው ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ቅጽ የተመለሰለት ሰው ድጋሚ ይሞላል ብሎ መገመት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የተጠቃሚ ስም ሲጻፍ ተይዞ እንደሆነ ሰርቨሩን እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ነጻ የሆነውን ስም ተይዟል ይላል።

መልስ፦ የቆየ ጥያቄ መልስ ዘግይቶ እየደረሰ ነው። ለ«አበ» የተላከው ጥያቄ ለ«አበባ» ከተላከው በኋላ ከተመለሰ፣ ያረጀው መልስ አዲሱን ይሸፍነዋል። ተጠቃሚው መጻፉን ለአፍታ እስኪያቆም፣ 300 ወይም 500 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ጠብቀው ይጠይቁ፤ አዲስ ጥያቄ ሲላክም የቀድሞውን የብራውዘሩ ጥያቄ ማቋረጫ በሆነው በአቦርት ኮንትሮለር ያቋርጡት። ይህም ሆኖ «ነጻ ነው» የሚለው መልስ ዋስትና አይሆንም፤ ሁለት ሰዎች አንድን ስም በአንድ ጊዜ ጠይቀው ሁለቱም ነጻ ነው ሊባሉ ይችላሉ። ቁርጡን የሚናገረው በዳታቤዙ ላይ ስሙ እንዳይደገም የተጣለው ገደብ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጻችን የእውነተኛ ሰዎችን ስምና ኢሜይል እየመለሰ አስቸግሮናል። የተሻለ ሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የሚፈትሽ ደንብ) ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የሚሻለው ሬጌክሱን ማላላት ነው። በኢሜይል ውስጥ የመደመር ምልክት የተፈቀደ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣውም ክፍል ከሦስት ፊደል ሊበልጥ ይችላል። የ«አት» ምልክት መኖሩንና ርዝመቱ ከ254 አለመብለጡን አይተው፣ ቀሪውን በማረጋገጫ መልእክት ይወቁት፤ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን የሚነግርዎ እሱ ብቻ ነው። ስም ላይ ከላቲን ፊደል ውጭ አልቀበልም የሚል ደንብ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ትክክለኛ ስም ስህተት ያደርጋል። እኔ ባዶ አለመሆኑንና ርዝመቱን ብቻ ነው የምፈትሸው። ስልክ ቁጥር ውስጥ ክፍት ቦታ ወይም ሰረዝ ከተጻፈም ኮዱ ያውጣው እንጂ ሰውን አርም አንበል፤ መነሻው ላይ ያለው ዜሮ እንዳይጠፋም ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ።

ርዝመት ሲገደብ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መለኪያ መቁጠራቸውን ያረጋግጡ። በኤችቲኤምኤል የጽሑፍን ርዝመት የሚገድበው ማክስሌንግዝ የሚቆጥረው ዩቲኤፍ 16 የተባለውን የፊደል ኮድ አሃዶች ሲሆን፣ አንዳንድ ሰርቨሮች ባይት ይቆጥራሉ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ብራውዘሩ በ50 ፊደል ያሳለፈው ስም ሰርቨሩ ዘንድ 150 ሆኖ ይደርሳል።