ትከሻ ላይ በጅምላ፣ ልብ ላይ በስም

ክቡራን አባቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ሸማኔዎችና ጠላፊዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ፈታይ እናቶቻችንን ዘንድሮ ከፊት ወንበር ላይ ስላየሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ቦታችሁ እዚያ ነው።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጓደኞቼ ያቀርባሉ። እኔ በመክፈቻው ስለ አንድ ልብስ ላውራችሁ። የሙሴ ወንድም፣ የመጀመሪያው ሊቀ ካህናት አሮን ስለለበሰው ልብስ። እኛ ልብሰ ተክህኖ የምንሠራ ሰዎች ነን። የሙያችን የመጀመሪያው የሥራ ትእዛዝ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አባቶቻችን ምዕራፉን በምሥጢር ይተረጉሙታል። እኔ ግን የማነበው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው አንገትጌው ላይ ነው። ሰማያዊው ቀሚስ በአንገቱ ማስገቢያ ዙሪያ ጠንካራ ጠርዝ እንዲሠራለት ታዟል። ለምን? እንዳይቀደድ። አያችሁ፣ ያን ሁሉ ወርቅና ዕንቁ እየዘረዘረ መሐል ላይ ቆም ብሎ ስለ አንገትጌ ይጨነቃል! መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ይህችን ቦታ ዘልሎ ያልፋል። እኛ ግን እናውቃለን። ልብስ መጀመሪያ የሚከዳው በአንገቱ ነው።

ነገሩ ከስፌትም ያልፋል። ዕብራውያን ሐዘን ሲገባቸው ልብሳቸውን ይቀድዱ ነበር። ሊቀ ካህናቱ ግን ልብሱን እንዳይቀድ ተከልክሏል። ለአባቱና ለእናቱ ሬሳ እንኳ እንዳይቀርብ ታዟል። ከባድ ሕግ ነው። ይህን ሳነብ ሰውየው ያሳዝነኛል። ግን ልብሱ የግሉ አልነበረም።

የማን እንደሆነ ኤፉዱ ላይ፣ ከቀሚሱ በላይ በሚደረበው ልብስ ላይ፣ ተጽፏል። በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ሁለት የመረግድ ድንጋዮች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ የስድስት ነገድ ስም ተቀርጿል፣ በልደታቸው ተራ። ደረቱ ላይ ደግሞ ስንዝር በስንዝር የሆነ፣ ታጥፎ ድርብ የተደረገ የደረት ኪስ አለ። በአራት ረድፍ 12 ዕንቁ፣ በእያንዳንዱ ዕንቁ አንድ ስም። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ትከሻ ሸክም የምንሸከምበት ነው፤ እዚያ ስሞቹ ስድስት ስድስት ሆነው ተደርድረዋል። ልቡ ላይ ሲደርሱ ግን ለየብቻ ናቸው። ሮቤል የራሱ ዕንቁ አለው። ዳንም የራሱ አለው። ዕንቁዎቹም ዓይነታቸው የተለያየ ነው። ግንባሩ ላይ በወርቅ ቅጠል «ቅድስና ለእግዚአብሔር» ተብሎ ተጽፏል። የአሮን የራሱ ስም ግን ልብሱ ላይ የትም የለም።

በቀሚሱ ጫፍ ዙሪያ ያሉትን የወርቅ ሻኩራዎች፣ ማለትም ትናንሽ ደወሎች፣ እና የሮማን ፍሬዎቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የአይሁድ መምህራን በታልሙድ፣ በሕግና በትርጓሜ መጽሐፋቸው፣ አንድ ደስ የሚል ነገር ብለውባቸዋል። ሻኩራ የሚያሰማው ቀሚስ የሐሜትን ኃጢአት ያስተሰርያል ይላሉ፤ በድምፅ የመጣው በድምፅ ይሰረያል ብለው።

ሰማያዊው ቀለም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አይሁድ እንደሚሉት የሚወጣው ከባሕር ፍጥረት ነው። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች አንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው ይላሉ። ከአንዷ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ ዋጋውን አስቡት። ታዲያ በኦሪት ዘኁልቁ እያንዳንዱ እስራኤላዊ በልብሱ ጫፍ ዘርፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ፈትል እንዲያደርግ ታዘዘ። አንድ ፈትል ብቻ! የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ቀለም በእረኛውም ልብስ ጫፍ ላይ አለ። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያምር የልብስ ሐሳብ አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ያንን ልብስ ማን ሠራው? መጽሐፉ ስማቸውን ይጠራል። ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ፣ ኤልያብ ከዳን ነገድ። ኤልያብ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ክር የሚጠልፍ ሰው ነበር። በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶችም በእጃቸው ፈተሉ ይላል። እናቶቼ፣ እንዝርታችሁ እዚያ ውስጥ አለች። ወርቁን እንኳ ቀጥቅጠው አሳስተው፣ እንደ ክር ቀጭን አድርገው ቆርጠው ነው ከፈትሉ ጋር የሠሩት።

በአገራችን ግን እጀ ብልህ ሰው እንዴት ይጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ»። አፄ ምኒልክ ይህን ስድብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም በሸማቸው፣ በሸክላቸውና በብረታቸው ይህንኑ ስድብ ጠጥተውታል። ቋንቋችን ራሱ የሸማውን ጥለት «ጥበብ» ይለዋል። ጥበቡን ለብሶ ጥበበኛውን መስደብ! አባቴ ሸማኔ ነበር። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሲሰድቡት ሰምቻለሁ። ዘጸአትን በወግ ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ስለ አባቴ አለቀስሁ።

ሌላም ነገር አለ። በማስተሰረያ ቀን ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ሲገባ ያ ሁሉ ወርቅ የለም። ነጭ የተልባ እግር ብቻ ለብሶ ይገባል። ተልባ እኛ የምንጠጣው ተልባ ነው፤ ክሩ ከአገዳው ይወጣል። አንዳንድ ደንበኞቻችን «ምነው አላብለጨለጨም?» ይሉናል። ወርቅ ዘቦ መልካም ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ንጹሕ ነጭ ልብስ ሲታዘዝላችሁ እንደ ትንሽ ሥራ አትዩት። በዓመቱ ትልቁ ሰዓት የሚለበሰው እሱ ነበር።

የልብሱን ኃይል ሮማውያንም ገብቷቸዋል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በአንቶንያ ምሽግ ቆልፈውበት፣ ለበዓል ብቻ ይሰጡ ነበር። ልብሱን የያዘ ሕዝቡን ይይዛል ብለው ነው። በመጨረሻ በ45 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ በአይሁድ እጅ እንዲቆይ ፈቀደ።

አሮን በሖር ተራራ ሲሞት የሆነውን አስታውሱ። ሙሴ የአሮንን ልብስ አውልቆ ለአሮን ልጅ ለአልዓዛር አለበሰው። አሮን ገና በሕይወት ነበር። ልብሱ ልጁ ላይ ሲውል በዓይኑ አየ።

የመጀመሪያው አጀንዳችን የወጣት ሠልጣኞች ጉዳይ ነው። 4 ልጆች ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ወደ ፊት ጥሯቸው። ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ።