ብቻችሁን ስባችሁ የማትቀመጡበት ወንበር

እስቲ ይህን ወንበር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ወርቅ የተቀባ እንጨት ይመስላል አይደል? ነሐስ ነው። ላዩ በወርቅ ተለብጧል፣ አንዱ ብቻ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል!

ወንበሮቹ አሜሪካ ኒውፖርት ከተማ፣ ማርብል ሀውስ የሚባል ቤት የመመገቢያ ክፍል ውስጥ ናቸው። የሠራቸው የፓሪሱ የዡል አላርድ ድርጅት ነው። ቤቱን ባለሀብቱ ዊልያም ቫንደርቢልት ለሚስቱ ለአልቫ የ39ኛ ዓመት ልደት ስጦታ ብሎ አሠራው። ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.) ፈጀ፤ 11 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት ይባላል፣ ከዚህ ውስጥ 7 ሚሊዮኑ የእምነ በረድ ብቻ ነው። አልቫ የምትፈልገው ቬርሳይን፣ የፈረንሳይ ነገሥታትን ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ነበር። የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ከአልጄሪያ የመጣ ሮዝ እምነ በረድ ነው፤ የእሳት ምድጃው ደግሞ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ምድጃ ቅጂ። እንግዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ተራ ወንበር አይገባም።

አሁን ልብ በሉ። የምግብ ወንበር መንቀሳቀስ አለበት። ስባችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ትጠጋላችሁ። ለዚህ ነው የድሮዎቹ የፈረንሳይ ወንበር ሠሪዎች እንጨት የሚመርጡት፤ በደንብ ይቀረጻል፣ ጠንካራ ነው፣ ወርቅም ቢቀቡት ለማንሳት አያስቸግርም። ነሐስ በብዛት ለመሳቢያ እጀታና ለዕቃ ማዕዘን ጌጥ ነበር። እዚህ ግን ወንበሩ ራሱ ነሐስ ሆነ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ወገቧን በኮርሴት ያሰረች እንግዳ እንዴት ብላ ትሳበው? አትችልም። አሳላፊ ከኋላ ቆሞ ይገፋላታል፣ መነሳት ስትፈልግም እሱኑ ትጠብቃለች። እኔ ይሄ የአሠራር ስህተት አይመስለኝም። አልቫ ለእንግዶቿ ልታሳይ የፈለገችው ይህንኑ ነው፦ እዚህ ቤት ወንበር የሚገፋ ሰው ሞልቷል።

ስታይሉ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ዘመን ስለሆነ ዕድሜያቸውም የዚያን ያህል እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ የሞተው በ1715 ነው፤ ወንበሮቹ ከዚያ በ170 ምናምን ዓመት ያንሳሉ። ያም ሆኖ ሥራቸው የሚደነቅ ነው።

አልቫ በ1895 ተፋታች፣ ቤቱ ግን የራሷ ስለነበር አብሯት ቀረ። በ1932 ሸጠችው። በ1963 የኒውፖርት የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ልጇ ሃሮልድ በሰጠው ገንዘብ ገዛው፤ የቤት ዕቃውን ደግሞ ከአልቫ በኋላ የቤቱ ባለቤት የነበረው የፕሪንስ ቤተሰብ ትረስት (የቤተሰቡን ንብረት የሚያስተዳድር ተቋም) በስጦታ ሰጠ። የስንቱ ሀብታም ቤት ዕቃ በጨረታ ተበታትኖ ሲቀር፣ እነዚህን ወንበሮች ዛሬም ትኬት ቆርጣችሁ እዚያው በተሠሩለት ክፍል ውስጥ ታዩአቸዋላችሁ።