ከየት ወዴት?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ቀን ላጫውታችሁ። ባለፈው ሐምሌ በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ኡድናዳታ ትራክ በሚባለው መንገድ ስነዳ ስለዋልኩበት ቀን።

ጠዋት ማሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣሁ። እስከ ዊልያም ክሪክ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት የለም፣ ኔትወርክም የለም። መንገዱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርቷል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሁለት ስኮርታ ጎማና ብዙ ውኃ ይዣለሁ። ከመንገዱ አጠገብ የድሮው የዘ ጋን ባቡር መስመር ይታያል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተዘጋው። ጣቢያዎቹ ፈራርሰዋል። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው፤ ባዶ ጣቢያ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንዱ ጋ ወርጄ የድንጋዩን ግድግዳ በእጄ ዳሰስኩትና ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ካቲ ታንዳ፣ ሌክ ኤር የሚሉት የጨው ሐይቅ። የአራባና ሕዝብ ምድር ነው። ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ነጭ ጨው እስከ ሰማይ ጥግ። እዚህም በግመል ይጫን ነበር፤ ግመል ነጂዎቹ ከአፍጋኒስታንና ከዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ የመጡ ነበሩ። አፋርን አሰብኩ፣ የጨው ነጋዴዎቹን።

ዊልያም ክሪክ ስደርስ ምሳ ሰዓት አልፏል። ነዋሪው በጣት የሚቆጠር ነው። ፐቡ፣ መጠጥ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ አለ። ግድግዳውና ኮርኒሱ መንገደኛ ለጥፎት በሄደው ቢዝነስ ካርድና ወረቀት ተሸፍኗል። ረቡዕ ስለነበር ድንች ጥብስና ሻይ አዘዝኩ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴትዮ ገና ሻዩን ሳትሰጠኝ፣ «ከየት መጣህ?» አለችኝ።

ደረቴ ጠበብ አለኝ። እናንተ ውጭ ያላችሁ ይገባችኋል። ሜልበርን ስንት ዓመት ኖሬ «ከየት ነህ?» ስባል የሰፈሬን ስም፣ «ፉትስክሬይ» እላለሁ፣ «አይ፣ ከዚያ በፊት?» ይሉኛል። ያ ጥያቄ ሁሌ ያደክመኛል። አሁንም «ከኢትዮጵያ» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ዛሬ ማለቴ ነው፤ ከማሪ ነው ከኩበር ፒዲ? መንገዱ እንዴት ነው?»

ይኸው ነው! የኛ ገጠር ሰው መንገደኛ ሲያገኝ የሚጠይቀው፣ «ከየት ወዴት?» የሚለው። እዚያ በረሃ ውስጥ ዘርህን ማንም አልጠየቀህም፤ የሚፈልጉት ከኋላህ ያለውን መንገድ ነው፣ ካልደረስክም የት እንደሚፈልጉህ ማወቅ። ባንኮኒው ጋ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «መኪናህ ከቆመ ከመኪናህ እንዳትርቅ» አሉኝ። ከሰው ይልቅ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ብቻውን በእግሩ የሚሄድን ግን ማን ያገኘዋል? ልክ አጎቴ የመከሩኝ ያህል ሰማኋቸው። ሴትዮዋ ደግሞ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም ስላት የፐቡን ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ።

ኩበር ፒዲ ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሊመሽ ሲል ገባሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ቤት ከመደወሌ በፊት ፐቡ ጋ ደወልኩ። «ደርሻለሁ» አልኳት።